205 ጂቲአይ ልገዛ ነው፦ አዲስ ቀለም የተቀባችው 1.9 ወይስ ወረቀቷ የተሟላው 1.6?

ሦስት_በር

ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፔዦ 205 ጂቲአይ ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኛት መኪና ናት። አራት ዓመት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆየሁ። አሁን ሞላልኝ። ሁለት መኪና አግኝቻለሁ፤ የቷን እንደምመርጥ ግን ግራ ገብቶኛል።

አንደኛዋ የ1989 ባለ 1.9 ሊትር ሞተር ናት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቀይ ናት። ቀለሟ ገና አዲስ ነው፣ ታበራለች። ቸርኬዎቿ ታድሰዋል፣ ወንበሮቿም እንደዚያው። ባለቤቷ ከያዛት ስድስት ወር ነው። «ሙሉ እድሳት ተደርጎላታል» ብሎኛል። ከሊብሬው ሌላ ግን እዚህ ግባ የሚባል ወረቀት የላትም።

ሁለተኛዋ የ1987 ባለ 1.6 ናት። ግራጫ። ጣሪያዋ ላይ ቀለሙ ደብዝዟል፣ የፊት መከላከያዋ ተጭሯል፣ የሹፌሩ ወንበር ጎኑ ተቀድዷል። ባለቤቷ 19 ዓመት ይዟታል። ገና ከ19 ዓመት በፊት ጀምሮ ያለው ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ወፍራም ፋይል ተይዟል። ዋጋዋ ከቀይዋ ትንሽ ዝቅ ይላል።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ቀይዋ ጋ ነው። ፎቶዋን በቀን አሥር ጊዜ አያለሁ። መካኒክ አይደለሁም። ሄጄ ሳያቸው ምን ምን ልመልከት?

የቤት_ጋራዥ

እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። እኔ 205 ስፈታና ስገጥም ነው ያረጀሁት፤ ስለዚህ ትንሽ ላርዝምብህ።

አዲስ ቀለም ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። ከሥሩ ምን አለ? ሞተር ይጠገናል። ካምቢዮ ይገኛል። ፍሪሲዮን በአንድ ቀን ይቀየራል። የበሰበሰ አካል ግን ላሜራ እየቆረጡ መበየድ ነው፤ አንዴ ከተጀመረ የት እንደሚያልቅ ማንም አይነግርህም። ስለዚህ ለዝገት ሂድ፣ ሞተሩን ኋላ ታየዋለህ።

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ያዝ። በሮቹ ሥር ባለው ረጅም ላሜራ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ፣ በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ እያስጠጋህ ሂድ። ጥብቅ ብሎ ከያዘ ላሜራ ነው። ከላላ ወይም ከወደቀ ስቱኮ ነው ያገኘኸው። 205 ጂቲአይ በጎማዎቿ ዙሪያ ጥቁር ፕላስቲክ አላት፤ እሱ ላይ አትሞክር፣ ከበላዩ ሞክር። ፕላስቲኩ ራሱ ዝገት ይደብቃል፤ በጣትህ ከኋላው ዳብስ። ምንጣፉን አንሳ። እርጥበት ካለ ውሃ የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው። ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎች አጎንብሰህ እይ። እዚያ ላይ ላሜራው ከተጨማደደ ወይም ወፍራም ጥቁር ሬንጅ አዲስ ከተቀባ፣ ለምን እንደተቀባ ጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የ205 ትልቁ ሕመም የኋላ አክስሏ ነው። ሞላ የላትም፤ በአግድም የተኙ ቶርሽን ባሮች፣ ማለትም ሲጠመዘዙ እንደ ሞላ የሚሠሩ ብረቶች፣ ናቸው የሚሸከሟት። ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች በቱቦ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ኩሽኔታዎች ላይ ይዞራሉ። ማሸጊያው ሲያረጅ ውሃ ይገባል፣ ኩሽኔታው ይደርቃል፣ ከዚያ ዘንጉን መብላት ይጀምራል። መኪናዋን ከኋላ ራቅ ብለህ ቁመህ እያት። ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ዘመም ካሉ አክስሉ አልቋል። የኋላ ጥጓን ስትጫናት ሲጥ ሲጥ ካለችም ያው ነው። ይህ የማይጠገን ነገር አይደለም፤ ግን ወጪው ቀላል ስላልሆነ ዋጋው ውስጥ መግባት አለበት። የ1.6ቱ ፋይል ውስጥ የአክስል ደረሰኝ ካለ ትልቅ ነገር ነው።

በመጨረሻም፣ ከመሄድህ በፊት ደውለህ ሞተሩን እንዳያስነሳ ለምነው። ስትደርስ ከሰላምታው ቀጥሎ እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፍ። ቀዝቃዛ ሞተር ምሥጢር አይደብቅም። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት ይበላል። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭሱ ካላቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጠርጥር። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ እሱ ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ማርሽ_5

ጋሽ የቤት_ጋራዥ ሁሉንም ብለውታል። እኔ ሁለቱንም ስለያዝኩ ስለ ልዩነታቸው ልጨምር።

1.6ቷ በ1984 ስትወጣ 105 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ከ1986 ጀምሮ 115 ሆነ፤ ስለዚህ ያንተዋ ባለ 115 መሆን አለባት። 1.9ኟ በ1986 ነው የመጣችው፤ 130 የፈረስ ጉልበት አላት። ኋላ ካታላይዘር (የጭስ ማጽጃ) የገባላቸው ትንሽ ዝቅ ይላሉ። 1.9ኟ የኋላ ፍሬኗም ዲስክ ነው፣ የ1.6ቷ ታምቡር ነው። ቸርኬውም ይለያያል፤ 15 እና 14 ኢንች።

በወረቀት ሲታይ 1.9 ታሸንፋለች። ስትነዳት ግን እንደዚያ አይደለም። 1.9 ከታች ጀምራ ትጎትታለች። 1.6 ደግሞ ዙሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ነው የምትዘፍነው። ማርሾቿ ቀረብ ቀረብ ያሉ ናቸው፤ በኩርባ መንገድ ላይ እጅህ ሥራ አያጣም። ዛሬ አንዷን ምረጥ ቢሉኝ 1.6ቷን ነው የምወስደው። «ትንሿ» ስለሚሏት ብቻ እንዳትንቃት።

አንድ ጥንቃቄ። አካላቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ የ1.9 ሞተር 1.6 ላይ መግጠም ከባድ አይደለም። የሞተሩን ኮድ አጣራ። የ1.9 ኤክስዩ9ጄኤ ነው። ባለ 115ቷ 1.6 ኤክስዩ5ጄኤ ነው። የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። ሞተር መቀየሩ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሻጩ ሳይነግርህ ሲቀር ነው ችግሩ። አንዱን የደበቀ ሌላም ይደብቃል።

ዘይት_እና_ውሃ

ወንድሜ፣ «ልቤ ቀይዋ ጋ ነው» ያልከውን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ልንገርህ።

የእኔ ፍቅር ጎልፍ አንድ ጂቲአይ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ፣ ነበረች። ባለ 1.8። ነጭ፣ አዲስ ቀለም የተቀባች። ሻጩ ምሽት ላይ ነው ያሳየኝ፤ ያውም ዝናብ ዘንቦ ነበር። እርጥብ ቀለም ደግሞ ሁሉንም ያሳምራል። ያንን ያኔ አላወቅሁም። ስመለከት የነበረው ፍርግርጓ ዙሪያ ያለችውን ቀይ መስመርና የማርሽ ዘንጉ ላይ ያለችውን የጎልፍ ኳስ ነው። በዚያው ሳምንት ከፈልኩ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ በሩ ሥር ቀለሙ ማኩረፍ ጀመረ። ፈንጠር ፈንጠር ያሉ አረፋዎች ወጡ። አንዷን በጥፍሬ ስነካት ጣቴ ገባ። ከሥሩ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ወረቀት ነበር። ላሜራ አልነበረም።

በዚህ ላይ ሞተሩ መንገድ ላይ ይንተፋተፍ ጀመር። የዚያ ዘመን ጎልፍ ቦሽ ኬ ጄትሮኒክ የሚባል የቤንዚን መርጫ ነው ያላት። ኮምፒውተር የለውም፤ የሚገባው አየር አንድ ሳህን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ በዚያ ልክ ቤንዚን ይለካል። በጣም ጥሩ ሥራ ነው፤ ቆሻሻን ግን ጨርሶ አይችልም። የጎልፍ አንድ የቤንዚን መሙያ አንገት ደግሞ ከውስጥ ይዝጋል። ዝገቱ ተፈርፍሮ ሰርባቶዮ ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ መስመሩን ይዘጋል። እኔ ፓምፕ ቀየርኩ፣ ማጣሪያ ቀየርኩ፣ መርጫ አሳጠብኩ። ችግሩ አንገቱ መሆኑን ያወቅሁት በመጨረሻ ነው።

ሻጩ ስልኬን ማንሳት አቆመ። አሁን ሳስበው ግን ሁሉም ነገር ዓይኔ ፊት ነበር። የመሙያ ክዳኑን ከፍቼ በባትሪ መብራት ባየው ኖሮ አየው ነበር። በቀን፣ በደረቅ አየር፣ ያለ ችኮላ ሂድ። ከተቻለም መኪናዋን የማይወዳት ሰው ይዘህ ሂድ። ያንተ ዓይን ያንን ቀን አያይም።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። እነዚህ አሮጌ ትንንሽ መኪኖች ለምንድን ነው እንዲህ የተወደዱት? ያኔ ተራ የቤት መኪና አልነበሩም እንዴ?

ቀይ_ፈትል

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ።

አዎ፣ የቤት መኪኖች ነበሩ። ነገሩም እዚያ ላይ ነው። ከኋላ ወደ ላይ የሚከፈት በር ያላት፣ ልጅም ዕቃም የምትጭን ትንሽ መኪና ወሰዱና ጉልበት ያለው ሞተር ገጠሙላት። ሆት ሃች ማለት ይኸው ነው። ከጎልፍ በፊትም ሙከራዎች ነበሩ፤ አውቶቢያንኪ ኤ112 አባርት፣ ሲምካ 1100 ቲአይ። ጨዋታውን የለወጠችው ግን ጎልፍ ጂቲአይ ናት። በ1975 ፍራንክፈርት ላይ ታየች፣ በ1976 ገበያ ወጣች። 1588 ሲሲ፣ 110 የፈረስ ጉልበት። ክብደቷ 810 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ከዛሬዎቹ ጋር አስተያየው። ቮልስዋገን 5,000 ያህል ብቻ ልሠራ ብሎ ነበር የጀመረው። የመጀመሪያው ትውልድ ሲያልቅ ከ460 ሺህ በላይ ተሠርተው ነበር። የወንበሮቹን ባለ መስመር ጨርቅና ያችን የጎልፍ ኳስ ያሰበችው ጉንሂልድ ሊልየኲስት የምትባል የድርጅቱ ዲዛይነር ናት።

ታዲያ ያ ሁሉ የት ገባ? ዝገት በላው። ያኔ እንደ ዛሬው በጋልቫናይዝ አይሸፍኑትም ነበር። ወጣቶች ገዝተው ኩርባ ላይ ሰባበሯቸው። ሌቦች ወሰዷቸው፤ የቁልፍ ኮምፒውተር አልነበራቸውማ። የቀሩትን ደግሞ ባለቤቶቻቸው እየቆራረጡ ቀየሯቸው። አሁን ኦሪጅናል ሆና የቀረች ጥቂት ናት። በዚያ ዘመን ፖስተሯን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ያደገ ልጅ ደግሞ ዛሬ ገንዘብ ይዟል። ዋጋውን የሰቀሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የራሊ ስም ያላቸው ከሁሉም ይርቃሉ። ላንቺያ ዴልታ ከ1987 እስከ 1992 ስድስት ዓመት ተከታትላ የዓለም ራሊ የአምራቾች ዋንጫ ወስዳለች። ኢንቴግራሌዋን፣ በአራቱም ጎማ የምትጎትተዋን ዴልታ፣ ዛሬ በተራ ሰው አቅም ማሰብ ይከብዳል።

ሰማያዊ_449

ስለ ብርቅነት ከተነሳ የእኔን ሬኖ ክሊዮ ዊሊያምስ ታሪክ ልጨምር። በ1993 የወጣች ናት። 2 ሊትር፣ 150 የፈረስ ጉልበት፣ ወርቃማ ቸርኬ። ስሟ የፎርሙላ 1 ቡድኑ ነው፣ ሥራው ግን የሬኖ ስፖርት ነው። የመጀመሪያዎቹ ዳሽቦርድ ላይ ቁጥር የታተመበት ሳህን አላቸው። ሰው የገዛት በቁጥር የተወሰነች ናት ተብሎ ነው። ከዚያ ሬኖ ሁለተኛ ዙር ሠራ፣ ሦስተኛም ሠራ። በጠቅላላው ከ12 ሺህ በላይ ሆኑ። መጀመሪያ የገዙት ሰዎች በጣም ተናደው ነበር።

ለምን ነገርኩህ? ሦስት_በር፣ «ነገ ትወደዳለች» ብለህ አትግዛ። የመኪና ዋጋ በእጅህ ያለ ነገር አይደለም። እኔ ዊሊያምሴን 11 ዓመት ይዣታለሁ። ዋጋዋ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። እኔ የማስታውሰው ማለዳ ማለዳ የነዳኋትን ነው።

ቪቴክ_ወዳጅ

እኔ ከጃፓን በኩል ልምጣ። ስለ ወረቀት ስታወሩ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ትዝ አለችኝ። የመጀመሪያዋ፣ የ1997ቷ፣ ኢኬ9 የምትባለው። ለጃፓን ገበያ ብቻ ነው የተሠራችው፤ ስለዚህ መሪዋ ሁልጊዜ በቀኝ ነው። 1.6 ሊትር ያለ ቱርቦ 185 የፈረስ ጉልበት ያወጣል።

ተራ ሲቪክ ገዝቶ ቀይ አርማ ለጥፎ፣ ቀይ ወንበር ገጥሞ «ታይፕ አር» ብሎ የሚሸጥ ሞልቷል። እውነተኛዋ የሻንሲ ቁጥሯ በኢኬ9 ይጀምራል፣ ሞተሯ ላይ ቢ16ቢ ተብሎ ታትሟል። ሁለቱንም ካላየሁ ወደ ዋጋ አልገባም። አርማና ወንበር ማንም ይገዛል። በየትኛዋም መኪና ላይ እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ከዚያ ሰላምታ።

ጂቲ_ቱርቦ

እኔ በሌላው ወገን ነኝ፤ ልሸጥ ነው። ሬኖ 5 ጂቲ ቱርቦ፣ የ1988። ቤተሰብ ሰፋ፣ ቦታ ጠበበ። ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ከመሸጤ በፊት ቀለም ላስቀባት ወይስ እንዳለች ልተዋት? ኮፈኗ ላይ ጠጠር የመታቸው ነጥቦች አሉ፣ የኋላ መከላከያዋ ተሰንጥቋል። ሌላው ሁሉ ኦሪጅናል ነው። አንድ ሕመም አላት፤ ስትሞቅ አጥፍቼ ወዲያው ላስነሳት ስል ታስቸግረኛለች።

የቤት_ጋራዥ

እባክህን አታስቀባት። ይህን ክር ከላይ ጀምረህ አንብበው፤ አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ምን እንደሚያስብ ይገባሃል። ጠጠር የመታው ኦሪጅናል ቀለም ስለ መኪናዋ እውነት ይናገራል።

ሞቃ አለመነሳቷ የዘመዶቿ ሁሉ ችግር ነው። ቱርቦና ካርቡሬተር አንድ ላይ ናቸው፤ ስታጠፋት የሞተሩ ሙቀት ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፈላዋል። ማስታወቂያህ ላይ ጻፈው። መኪናዋን የሚያውቅ ሰው ይህን አንብቦ አይሸሽም፤ እንዲያውም ያምንሃል። ፕላስቲኮቿን ግን አውልቀህ ከሥራቸው ያለውን ላሜራ ፎቶ አንሳ። በዚያች መኪና ገዢው የሚፈራው እሱን ነው።

ማርሽ_5

ለጂቲ_ቱርቦ፦ ባለፈው ዓመት 1.9ዬን ስሸጥ ያደረግሁትን ልንገርህ። 60 ፎቶ አነሳሁ። ከ60ዎቹ ወደ 20ዎቹ የጉድለቷ ፎቶ ነበሩ። ጭረቱ፣ የደበዘዘው ፕላስቲክ፣ ዘይት የሚያልበው ጓርኒሲዮን፣ ሁሉንም። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ቪዲዮ ቀረጽኩ። የሰጠሁት ዝርዝር ረጅም ነበር። ብዙ ሰው አልደወለም። የደወሉት ግን አውቀው ነው የደወሉት። ሦስተኛው ሰው ገዛት። መጥቶ ሲያያት አንድም ያልነገርኩት ነገር ስላላገኘ ዋጋ ላይ አልተከራከረኝም።

አውልቀህ ያስቀመጥከው ኦሪጅናል ዕቃ ካለ ከመኪናዋ ጋር ስጥ። የድሮ ሬዲዮ፣ የመጀመሪያው ቸርኬ፣ ሁለተኛው ቁልፍ፣ የባለቤት መመሪያው። አንተ ካርቶን ውስጥ የረሳኸውን ገዢው ለዓመታት ሲፈልገው የኖረ ሊሆን ይችላል።

መንገድ ላይ ልሞክራት የሚልህን ብቻውን አትልከው። ገንዘቡ ባንክህ መግባቱን ራስህ አይተህ ካላረጋገጥክም ቁልፍ አትስጥ። የክፍያ ማረጋገጫ ብለው የሐሰት ምስል የሚልኩ አሉ። ገዢም ብትሆን ያው ነው፤ መኪናዋን በዓይንህ ሳታይ «ብቻ ቀብድ ላክ፣ ብዙ ፈላጊ አላት» የሚልህን እለፈው።

ቪቴክ_ወዳጅ

በአንድ ነገር አልስማማም። ሁላችሁም ኦሪጅናል ኦሪጅናል ትላላችሁ። እነዚህ መኪኖች እኮ የተሠሩት ለሚነዳቸው ሰው ነው። የእኔ ሾክ አብዞርበሯ የተሻለ ነው፣ የፍሬን ሸራዋም እንደዚያው። በዚህ ምክንያት የባሰች መኪና ሆነች ማለት አልችልም።

ሰማያዊ_449

እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ያደረግከው ነገር ተፈትቶ ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይ? ሾክ አብዞርበር በግማሽ ቀን ይመለሳል። አካሏን ቆርጠህ ከሆነ ግን የሚቀጥለው ባለቤት ምርጫ የለውም። ሾኩን ስትቀይር አሮጌውን አስቀምጥ፤ እንስማማለን።

ሦስት_በር

ሁለቱንም አይቼ መጣሁ። ምክራችሁን ሁሉ በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ዘይት_እና_ውሃ ባለችው መሠረት የአክስቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ፤ እሷ መኪና ሁሉ አንድ ነው የምትል ናት።

መጀመሪያ ቀይዋ። ሞተሩን እንዳያስነሳ ለምኜው ነበር። ስደርስ ኮፈኗ ሙቅ ነው። «ቦታ ላስለቅቅ ብዬ አንቀሳቀስኳት» አለኝ። የሞተር ኮዱ ትክክል ነው፣ የሻንሲ ቁጥሩም ከሊብሬው ይገጥማል። ማግኔቴን አወጣሁ። በግራ በኩል በሩ ሥር ያዘ። በቀኝ በኩል፣ ከመካከል እስከ ኋላ ጎማው ድረስ፣ የትም አልያዘም። ደጋግሜ ሞከርኩ። የአክስቴ ልጅ ከኋላ ቁማ ነበር፤ ምንም ሳልነግራት «ይቺ መኪና ለምንድን ነው እግሯ የገባው?» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። ጋሼ እንዳሉት የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ዘመዋል። የእድሳቱን ፎቶ ጠየቅሁት። ስልኬ ላይ ነበር፣ ስልኩ ጠፋ አለኝ።

አልዋሻችሁም፣ ስመለስ መንገድ ላይ ከፋኝ። ከሁለት ወር በላይ በልቤ የእኔ ነበረች።

ግራጫዋ ጋ በማግሥቱ ሄድን። ማግኔቱ ሁሉም ቦታ ያዘ። ጎማዎቿ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ፋይሉ ውስጥ የታደሰ የኋላ አክስል ደረሰኝ አለ፣ የስድስት ዓመት ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፣ በመጀመሪያው ተነሳች። እሷም ግን ፍጹም አይደለችም። ከፊት በተሳፋሪው በኩል ምንጣፉ እርጥብ ነው። ቴስታታው ጋ ትንሽ የዘይት ላብ አለ። የታይሚንግ ቺንጊያው ደረሰኝ የዘጠኝ ዓመት ነው። ባለቤቱ «ከዚያ ወዲህ ብዙ ስላልተነዳች አልቀየርኩትም» አለኝ። ልግዛት ወይስ ሌላ ልጠብቅ?

የቤት_ጋራዥ

ጎበዝ። ለአክስትህ ልጅም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጥሩ ዓይን አላት።

እርጥቡ ምንጣፍ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የዝናብ ውሃ ከሆነ ከመስተዋቱ ሥር ወይም ከበሩ ማሸጊያ ነው የሚገባው። የሚያጣብቅና የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ከሆነ የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ነው። በጣትህ ነክተህ አሽትተው። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አስነሳና ወለሉን በጠንካራ ነገር ነካ ነካ አድርገው፤ ጠንካራ ከሆነ አትጨነቅ። የዘይቱ ላብ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። ውሃና ዘይት እስካልተቀላቀሉ ድረስ እንቅልፍ አይንሳህ።

ቺንጊያው ላይ ግን ጥብቅ ሁን። ጎማ ነው። ባይነዳም በዕድሜ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ሞተሩ እየሠራ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ሊጋጩ ይችላሉ፤ ያኔ የምታወራው ስለ ሙሉ ሞተር ነው። የመቀየሪያውን ወጪ ከመካኒክ ጠይቀህ በቁጥር ይዘህ ሂድ። «ቀንስልኝ» ከማለት «ይህን ያህል ያስወጣኛል» ማለት ይሻላል። ሰውዬው 19 ዓመት ደረሰኝ ያስቀመጠ ነው፤ ለቁጥር ክብር ይኖረዋል።

ስትገዛት ደግሞ በሥራ መኪና ኢንሹራንስ እንዳታልፋት። ለእንዲህ ዓይነት መኪና ዋጋዋን አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ የምትጽፉበት ውል ካለ ፈልገህ ያዘው። አለዚያ አንድ ነገር ቢደርስባት እንደ ማንኛዋም አሮጌ ትንሽ መኪና ነው የሚገምቷት።

ዘይት_እና_ውሃ

ቀይዋን መተውህ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ። እኔ ያን ማድረግ አልቻልኩም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ። ሰውዬውን ለምን እንደሚሸጣት ጠይቀው፤ ጊዜም ሰጥተህ አዳምጠው። የእኔን ጎልፍ ላሜራዋን አሠርቼ፣ አንገቱን ቀይሬ፣ ከዓመታት በኋላ ስሸጣት ከሁሉ ይበልጥ የከበደኝ ለማን እንደምሰጣት መወሰን ነበር። ብዙ የሚከፍል ነበር፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሊሸጣት መሆኑን ከወሬው አወቅሁ። ትንሽ ዝቅ ላለ ዋጋ ለሌላ ሰው ሰጠኋት። ዛሬም ፎቶ ይልክልኛል። ሰውዬው እንደሱ ዓይነት ከሆነ፣ ልትነዳት መሆኑን ንገረው።

ሦስት_በር

ገዛኋት።

ውሃው የዝናብ ነው፤ ከበሩ ማሸጊያ ነው የሚገባው። ወለሉ ድንጋይ ነው። የቺንጊያውን ወጪ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት፤ አነበበው፣ ሳይከራከር ቀነሰልኝ። የሚሸጣት ጉልበቱ ስለሚያመው ነው፤ ፍሪሲዮን መርገጥ አስቸገረው። አንድ ሰዓት ያህል አወራኝ። የትኛው በር በኃይል እንደሚዘጋ፣ ነዳጅ መለኪያው ሩብ ሲል በእውነት ባዶ መሆኑን፣ ሁሉንም። ስንለያይ መሪዋን ዳሰሰና ፊቱን አዞረ። እኔም ምንም ማለት አልቻልኩም።

ከቺንጊያው ሌላ አስቀድሜ ምን ላድርግ?

ማርሽ_5

እንኳን ደስ አለህ! ቺንጊያውን ስታስቀይር የውሃ ፓምፑንም አብረህ አስቀይር፤ ያው አንድ ቦታ ነው የሚፈታው። የፍሬን ዘይትና የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ቀጥለው።

ከዚያ ጎማዎቿን እይ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ ሳምንቱና ዓመቱ ነው። 3516 ካለ በ2016 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይህን የምለው በምክንያት ነው። 205 ኩርባ መካከል ድንገት እግርህን ከነዳጅ ካነሳህ የኋላዋ ይወጣል። ወደ ኩርባው ከመግባትህ በፊት ፍጥነትህን ጨርስ፣ ከዚያ በቀስታ ነዳጅ እየሰጠህ ውጣ። በዝናብ ደግሞ እስክትለምዳት ድረስ ታገሣት።

ሦስት_በር

ጎማዎቹን አሁን ወጥቼ አየሁ። ሁለቱ የ2011 ናቸው። አራቱንም አዝዣለሁ። ቺንጊያውና ፓምፑ ቅዳሜ ይቀየራሉ፤ እስከዚያ አላስነሳትም። የ1.6 የሹፌር ወንበር ጨርቅ፣ ኦሪጅናሉ፣ የሚገኝበትን የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ። የጎኑ ብቻ ቢሆንም ይበቃኛል።

ጂቲ_ቱርቦ

የጨርቁ ነገር የሚያገናኝህ ሰው አለኝ፤ በውስጥ እጽፍልሃለሁ። የእኔዋን ደግሞ ዛሬ ፕላስቲኮቿን አውልቄ ፎቶ አነሳሁ። በግራ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ዝገት አለ። ማስታወቂያው ላይ የመጀመሪያው ፎቶ አድርጌዋለሁ።